አማካዩን ተዪና ምቱን እዪ

እስቲ ላፕቶፕሽን ወደኔ አዙሪልኝ። «አማካይ ኃይል 200 ዋት» ብለሽ ጽፈሽ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፈሻል። እህቴ፣ በሂፒምስ፣ ማለትም ማግኔትሮኑ በአጭር ግን ኃይለኛ ምት ብረት እያስነሳ ዕቃ በሚሸፍንበት ዘዴ፣ 200 ዋት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የወሰድሽው መረጃ ታርጌቱ (ብረቱ የሚነሳበት ሰሌዳ) 20 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ምቱ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ እያንዳንዱ ምት ደግሞ 100 ማይክሮ ሰከንድ ነው ይላል። ፕላዝማው የሚነደው ከጊዜው አንድ በመቶውን ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በምቱ ውስጥ ያለው ኃይል 20 ኪሎዋት፣ በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎዋት ይደርሳል። ኃይሉን የሚያጠራቅመው ካፓሲተር እንደ እቁብ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ይሰበሰብና ዕጣው ሲወጣ ሁሉም ባንዴ ይከፈላል። ታርጌቱ የማይቀልጠው በቀሪው ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

የዚህን ምት ጥቅም በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ነገ ወደ ግንባታ ቦታው ውረጂ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ የትራፓኖ ድምፅ መቼ ተለየን? አንዱን ሠራተኛ አሮጌ ወርቃማ ፑንታ ለምኚውና ብርሃን ላይ አገላብጪው። ወርቅ የሚመስለው ታይታኒየም ናይትራይድ ነው፤ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው። ጠርዙ ላይ ተልጦ ግራጫው ብረት ብቅ ያለበትን ቦታ ፈልጊ። የአንቺ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው፦ ሽፋኑን አጥብቆ የሚያስይዘው ምንድን ነው? በተራው ማግኔትሮን ከታርጌቱ የሚነሳው ብረት አብዛኛው ቻርጅ የሌለው አቶም ስለሆነ በቮልቴጅ ልትስቢው አትችዪም። በሂፒምስ ግን ብዙው አዮን ሆኖ ይመጣል። ዕቃው ላይ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ስትሰጪ አዮኖቹ በኃይል እየመቱ ሽፋኑን ያጠብቁታል። በአርክ የሚሸፍነው ዘዴም አዮን አለው፣ ግን የቀለጠ ብረት ጠብታ እየተፋ ገጹን ያሻክረዋል።

አሁን ወደ ከረንቱ ግራፍ ነይ። ወጥቶ ወጥቶ መሐል ላይ የሚወርድበትን «የመሣሪያ ችግር» ብለሽዋል። አጥፊው! ከታርጌቱ የሚፈልቀው ብረት ቻምበሩ ውስጥ ያለውን የአርጎን ጋዝ እየገፋና እያሞቀ ስለሚያሳሳው፣ አዮን የሚሆን ጋዝ ያጥራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በብረቱ ዓይነት ይወሰናል። መዳብ ከሆነ ወደ ታርጌቱ የሚመለስ አንድ አዮን ከአንድ በላይ አቶም ስለሚያስነሳ እሳቱ በራሱ ይቀጥላል። ታይታኒየም ያን አይችልም፤ አርጎኑን ደጋግሞ መጠቀም አለበት። እዚህ ላይ ሦስት ገጽ ብትጽፊ አይበዛም።

ሽፋኑ የሚያድግበት ፍጥነት በተመሳሳይ አማካይ ኃይል ከተራው ማግኔትሮን ማነሱም አያስደንግጥሽ፣ አትደብቂው። ታርጌቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ አጠገቡ አዮን የሆነውን ብረት ራሱ መልሶ ይስበዋል። ዋጋው ይሄ ነው፤ በግልጽ ጻፊው።

«ቫኩም ቻምበር ስለሌለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም ሰርዢልኝ፣ እባክሽ። ኩዝኔትሶቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ከስዊድን፣ ከሊንሾፒንግ፣ በመዳብ የሠሩትን የሂፒምስ ጥናት ሲያወጡ ላብራቶሪ ነበራቸው፣ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ራዱ፣ ብሬኒንግ፣ ጉድመንድሰንና ሌሎች ያወጡት ሞዴል የሚፈልገው የተለካ ከረንትና ቮልቴጅ ነው፤ ስሌቱን ይሄው ላፕቶፕሽ ይችለዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪሽ ያደርስሻል።

ስለዚህ ለመረጃው ባለቤቶች ዛሬ ማታ ኢሜይል ጻፊ። የከረንቱንና የቮልቴጁን ሙሉ ፋይል፣ የአርጎኑን ግፊት፣ በታርጌቱ ገጽ ላይ ያለውን የማግኔት ጥንካሬ ጠይቂያቸው። ሳትልኪው በፊት አሳዪኝ።