ጆን ሮቢንሰን፥ ባለእጁ አየር ነጂ

ልጆች ሆይ፥ በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጥና እንጨት የሚጠርብ ሰው ብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል። የመርሐ ቤቴ ገበሬ ማረሻውን የሚያሠራው ከቀጥቃጭ ዘንድ ነበር፤ ቀጥቃጭ ባይኖር መሬቱ ጦሙን ባደረ። ነገር ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲመለስ ሠሪውን ቡዳ እያለ ያማው ነበር። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁም ስድቡን ከሰው አፍ ቶሎ አላጠፋውም። እንግዲህ በእጁ ሥራ ለኢትዮጵያ የደረሰላትን የአንድ ባለእጅ ታሪክ አንብቡ።

ጆን ሮቢንሰን በአሜሪካ አገር፥ በሚሲሲፒ ግዛት፥ ጋልፍፖርት በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ያደገ ጥቁር ሰው ነው። በቱስኪጊ ትምህርት ቤት የአውቶሞቢል ሥራ ተምሮ ወደ ቺካጎ ሄደና በመካኒክነት እንጀራውን ይበላ ጀመር። ልቡ ግን ወደ አውሮፕላን ነበረ። አየር መንዳት የሚያስተምረው ትምህርት ቤት፥ ጥቁር ተማሪ አንቀበልም አለው። ሮቢንሰን ተቈጥቶ አልቀረም፤ በዚያው ቤት ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ፤ ወለሉንም እየጠረገ መምህሩ የሚናገረውን ያዳምጥ ነበር ይባላል። መጥረጊያ ይዞ መማር ለኵሩ ሰው እንዴት ይከብዳል! ኋላም ተፈቀደለትና ተምሮ ወጣ። እርሱና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ ያወቁትን ለሌሎች ጥቁሮች ያስተምሩ ጀመር፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ ቢያጡ፥ ሮቢንስ በሚባል መንደር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሜዳውን በገዛ እጃቸው መነጠሩት።

ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውጋት ሲሰናዳ ሮቢንሰን ሰምቶ በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጥቂቶቹ አውሮፕላኖቻቸው ላይ አዛዥ አድርገው ሾሙት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአድዋ ላይ ቦምብ ሲወርድ በዚያ ነበረ። አውሮፕላኖቹ ከጠላት ጋር የሚጋጠሙ አልነበሩምና ደብዳቤና መድኃኒት እያመላለሰ ብዙ ጊዜ ከሞት አመለጠ። በአሜሪካ ጋዜጣ ቡናማው ኮንዶር ብለው ጠሩት፤ ኮንዶር በዚያ አገር ተራራ የሚኖር ታላቅ አሞራ ነው።

አዲስ አበባ ልትያዝ ጥቂት ቀን ሲቀራት ወደ አገሩ ተመለሰ። አርበኞች በመንዝና በመርሐ ቤቴ ገደል ለገደል ሲዋጉ፥ እርሱ በቺካጎ ወጣቶችን አየር መንዳት ያስተምር ነበር። ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላም አልረሳትም፤ በ1936 ዓ.ም. ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ የኢትዮጵያን ልጆች አየር መንዳት አስተማረ።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ለሕሙም የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር አውሮፕላኑ ወደቀ፤ እርሱም ክፉኛ ቈሰለ። መጋቢት 18 ቀን ሞተ፤ በአዲስ አበባም ተቀበረ።