ላፕቶፕ በደጋ አገር ለምን ይግላል? የየጁቤ ምልልስ

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ከየጁቤ እስከ ብቸናና ሞጣ ብርዱ የታወቀ ነው። ታዲያ ላፕቶፕ እዚህም እንደ ምጣድ የሚግለው ለምንድን ነው?

መምህር፦ ብርዱን ቆጥረሽ አየሩን ረሳሽው። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። እስቲ እናስላው። ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ቢደርስ፣ የጅቡቲ አየር 35፣ የእኛ 20 ቢሆን፣ ልዩነቱ እዚያ 55፣ እዚህ 70 ነው። ሰባውን በሦስት አራተኛ ብታባዢው 52 ተኩል ይወጣል። ስሌቱ ሻካራ ቢሆንም ብርዱ የሰጠንን ከፍታው መልሶ እንደሚወስደው ያሳያል።

ጠያቂ፦ እንግዲያው ማቀዝቀዣ መግዛት ነዋ?

መምህር፦ መጀመሪያ ያለውን አስተንፍሺው። አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ ፍራሽ ወይም ጋቢ ላይ ሲቀመጥ አፉ ተደፈነ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ከኋላው በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጊው። የበጋው አቧራ ደግሞ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ በሚያወጣው የመዳብ ቱቦ ጫፍ ባሉት ስስ ክንፎች መሐል ይጋገራል። ስትነፊው ፋኑን በቀጭን እንጨት ያዥው፤ ሲሽከረከር ሊጎዳ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የሙቀቱን መውጫ ማስፋት ነው። ከምንጩ መቀነስ የሚቻለው በቮልቴጅ ነው። የፕሮሰሰር ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው። 1.10 ቮልት ወደ 1.00 ቢወርድ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ፍጆታው 17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጠያቂ፦ ፋብሪካው የመጠነውን መቀነስ ከኢንቴል እኛ እንበልጣለን ማለት አይሆንም?

መምህር፦ ሙግትሽ ተገቢ ነው። ፋብሪካው ግን የሚያስበው ለሚሊዮኖቹ እንጂ ለአንቺ አንድ ቺፕ አይደለም። ከአንድ የሲሊከን ገበታ የተቆረጡ ቺፖች እንኳ እኩል አይሆኑም፤ ደካማው እንዳይወድቅ ለሁሉም ትርፍ ቮልቴጅ ይሰጣል። እኛ የምንነካው ያንን ትርፍ ነው። ከልክ ሲያልፍ ማሽኑ ይደርቃል ወይም ይጠፋል፤ ቮልቴጅ ስላነሰ ቺፑ አይቃጠልም፣ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ግን ይሄዳል። ስለዚህ እንደ «ስሮትልስቶፕ» ባለ ፕሮግራም ከ50 ሚሊቮልት ጀምረሽ አሥር አሥር ቀንሺ፤ በየደረጃው ከባድ ሥራ አሠሪው፤ ከተንገዳገደ 20 መልሺለት። የመመረቂያ ጽሑፍ በምታስረክቢበት ሳምንት ግን እንዳትሞክሪው።

ጠያቂ፦ ፍጥነቱ አይወርድም?

መምህር፦ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይሻላል። ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እዚያ ካልደረሱ ለመቀነስ ምክንያት የላቸውም። ባትሪውም ይቆያል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ቀላል አይደለም።

ጠያቂ፦ ፕሮግራሙ «ተቆልፏል» ካለኝስ?

መምህር፦ ሊልሽ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተመራማሪዎች ቮልቴጅን በማዛባት የተጠበቀ ምስጢር ከኢንቴል ቺፕ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ፤ ስሙንም «ፕላንደርቮልት» አሉት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ በሩን ዘግተውታል። ለዚህ ብሎ ባዮሱን ወደ አሮጌው መመለስ አልመክርሽም። ይልቅ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን የፕሮሰሰር መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርጂው፤ በአብዛኞቹ ላይ «ቱርቦ» የሚባለው ተጨማሪ ፍጥነት ይቆማል። ይህኛው ከፍጥነቱ ይወስድብሻል፣ ለጽሑፍና ለኤክሴል ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅሽም።