ቤት ያልነበረው ኦርኬስትራ

በዘንድሮው የሙዚቃ ትምህርት ስለ ኮሎምቢያ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እንድናጠና ስንታዘዝ፣ ግማሾቻችን የደቡብ አሜሪካን ካርታ ዘረጋን። ስሙ ግን የአገር አይደለም፤ ኮሎምቢያ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ነው።

ኦርኬስትራ ሲባል ቋሚ አባላት፣ የራሱ አዳራሽና ትኬት ቆርጦ የሚገባ አድማጭ ያለው ይመስለናል። ይህኛው ግን የኩባንያው መጠሪያ ነበር። ቀረጻ ሲኖር ሙዚቀኞች ይቀጠራሉ፤ ሲያልቅ ወደየሥራቸው ይበተናሉ። ኒውዮርክ ሲቀረጽ የኒውዮርክ ሰዎች፣ ሎስ አንጀለስ ሲቀረጽ የሎስ አንጀለስ ሰዎች ይጫወታሉ። ጆርጅ ሴል ከፒያኖ ተጫዋቹ ሮበርት ካሳደሱ ጋር የሞዛርትን ኮንቸርቶዎች ሲቀርጽ፣ በዚሁ ስም የተጫወቱት የክሊቭላንድ ኦርኬስትራ አባላት ነበሩ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም የያዙ ሁለት ሸክላዎች አንድም የጋራ ተጫዋች ላይኖራቸው ይችላል።

እኛን ከሁሉ በላይ የሳበን የብሩኖ ዋልተር ታሪክ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. በርሊን የተወለደው ይህ አይሁዳዊ የኦርኬስትራ መሪ፣ በናዚዎች ምክንያት በ1933 ጀርመንን፣ በ1938 ኦስትሪያን አጥቶ በ1939 አሜሪካ ገባ። በ1957 በልብ ሕመም ተጠቃ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው እየተጓዘ መሥራት አልቻለም። ጊዜው ደግሞ ድምፅን በግራና በቀኝ ለይቶ የሚያሰማው የስቴሪዮ ቀረጻ የመጣበት ነበር። የዋልተር የቀድሞ ሸክላዎች በአሮጌው ዘዴ የተቀረጹ ስለነበሩ፣ ኩባንያው ኦርኬስትራውን እሱ ወዳለበት አመጣለት። ከሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክና ከሆሊውድ የፊልም ስቱዲዮዎች የተውጣጡ ሙዚቀኞች ሆሊውድ ውስጥ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ ተሰበሰቡ። የቤትሆቨን ሲምፎኒዎች (ከዘጠነኛው የመጨረሻ ክፍል በስተቀር)፣ የብራምስ አራቱም እዚያ ተቀረጹ። በ1961 የማህለር ዘጠነኛ ሲምፎኒ ተራ ደረሰ። ማህለር በሞተ በዓመቱ፣ በ1912፣ ይህን ሥራ ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው ራሱ ዋልተር ነበር። አሁን 84 ዓመቱ ነው። በዓመቱ፣ በየካቲት 1962 ዐረፈ።

ያየናቸው የሸክላ ሽፋኖች ላይ የመሪው ስም ጎልቶ ተጽፏል፤ የኦቦ ተጫዋቹን ስም ብንፈልግ ግን አጣነው። ይህ ትንሽ አናደደን። ደግነቱ ኩባንያው በ1955 ኒውዮርክ ላይ የሞዛርትን የሊንዝ ሲምፎኒ ልምምድ ቀርጾ አሳትሟል። ዋልተር በመሃል ያስቆማል፣ ያርማል፣ ራሱ እያዜመ ያሳያል፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ያንኑ ቦታ መልሰው ይጫወታሉ። እኛም ያንን ክፍል ሦስት ጊዜ መልሰን ሰማነው፤ በሦስተኛው ላይ የቫዮሊኖቹ ለውጥ ለሁላችንም ተሰማን።