ያለፈ ቁጭትና የዛሬ ውጤት በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ባለፈ ነገር መቆጨት ከንቱ መሆኑን ያስተምራል። በንግድ ሥራ ግን ቁጭት ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ዕቃው የዘገየበት፣ ሰነዱ ተሳስቶ የተመለሰበት ወይም ጆንያው ረጥቦ የተገኘበት ነጋዴ ለባሕር ማዶ ደንበኛው ሲጽፍ «እንዲህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰም ነበር» ማለቱ አይቀርም። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ በትክክል ሲጻፍ የካሣ ጥያቄን ያጸናል፤ ተዛብቶ ሲጻፍ ግን ጥያቄውን ያደክማል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ይመልሳል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ይህን አነጋገር እንመረምራለን። አንባቢ በቀላሉ እንዲከተለን የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ጽፈነዋል።

የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት

በአማርኛ ሳይፈጸም የቀረውን ነገር የምንገልጸው «ኖሮ» እና «ነበር» በሚሉት ቃላት ነው። «ቡናው በጊዜው ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ባለፈው ወር ሃምቡርግ ይደርስ ነበር» እንላለን፤ ደግሞም «ቡናው በጊዜው ተጭኖ ቢሆን ኖሮ አሁን ሃምቡርግ ይገኝ ነበር» እንላለን። የፊተኛው ውጤት ያለፈ ነው፤ የኋለኛው የዛሬ ነው። ሁለቱም ግን በ«ነበር» ይዘጋሉ፤ የሚለያያቸውም «ባለፈው ወር» እና «አሁን» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ግን ልዩነቱን በግሡ ላይ ጭምር ያሳያል። ከእኛ ወገን ብዙ ሰው «ነበር» የሚለውን እየተከተለ ውጤቱን ሁሉ ወደ ኃላፊ ጊዜ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

ደንቡ

በ«ኢፍ» የሚጀምረው ወገን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሃድ» ካለ በኋላ ሦስተኛውን የግሥ መልክ ያስከትላል። ሦስተኛ መልክ የምንለው ተማሪዎች «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያሉ ሲያጠኑ «ጎን» የሚሉትን ነው። ልዩነቱ ያለው በውጤቱ ወገን ነው።

ውጤቱ ያለፈ ሲሆን «ዉድ ሃቭ» ተብሎ ሦስተኛው መልክ ይጨመራል፤ «ኢፍ ዘ ኮፊ ሃድ ቢን ሺፕድ ኦን ታይም፣ ኢት ዉድ ሃቭ ሪችድ ሃምበርግ ላስት መንዝ።»

ውጤቱ የዛሬ ሲሆን «ዉድ» ተብሎ የግሡ መነሻ መልክ ብቻ ይጨመራል፤ «ኢፍ ዘ ኮፊ ሃድ ቢን ሺፕድ ኦን ታይም፣ ኢት ዉድ ቢ ኢን ሃምበርግ ናው።»

ሌላ ምሳሌ እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ እጅግ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ከባንክ ተበድሮ የመኪና ወይም የማሽን ዋጋ የከፈለ ነጋዴ ዕዳው ዛሬም አለበት፤ ስለዚህ «ኢፍ ዊ ሃድ ፔይድ ፎር ዘ ማሺን ቢፎር ጁላይ 2024፣ አወር ዴት ቱ ዘ ባንክ ዉድ ቢ ስሞለር ቱዴይ» ብሎ ይጽፋል። መክፈሉ ያለፈ ጉዳይ ነው፤ ዕዳው ግን የዛሬ ነው።

ስሕተቱ የሚያመጣው ጉዳት

አንድ አስመጪ የውጭ አገር ሻጭ ሰነድ ስላዘገየበት ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀምጦ ኪራይ ይቆጠርበታል እንበል። ይህ ሰው «ኢፍ ዩ ሃድ ሴንት ዘ ዶኩመንትስ ኦን ታይም፣ ዘ ጉድስ ዉድ ኖት ሃቭ ቢን ኢን ዘ ዌርሃውስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሻጩ «ዕቃው በመጋዘን ቆይቶ ነበር፤ አሁን ግን ወጥቷል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ችግሩ ያለፈ ስለሚመስለውም ለመልሱ አይቸኩልም። «ዘ ጉድስ ዉድ ኖት ቢ ኢን ዘ ዌርሃውስ ናው» ቢለው ግን ዕቃው ዛሬም በዚያው እንዳለ ወዲያው ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት «ሃቭ» ብትሆንም፣ መልሱ በዘገየ ቁጥር የኪራዩ ሂሳብ እየጨመረ ይሄዳል።

«ሃድ» የሚለው ቃል የሚያምነው ነገር

ከዚህም የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። «ኢፍ» ከ«ሃድ» ጋር በዚህ አኳኋን ሲነገር ነገሩ እንዳልተፈጸመ ያረጋግጣል። አንድ ቡና ላኪ «ኢፍ ዊ ሃድ ዩዝድ ኒው ባግስ፣ ዘ ኮፊ ዉድ ኖት ቢ ዌት ናው» ብሎ ቢጽፍ «አዲስ ጆንያ አልተጠቀምንም፤ ቡናው የረጠበውም በዚህ ነው» ብሎ በፊርማው አመነ ማለት ነው። ደብዳቤው በገዢው ፋይል ይቀመጣል፤ ክርክር በተነሣ ጊዜም ይወጣል።

ምክንያቱ ገና ያልተጣራ እንደሆነ «ሃድ» እና «ዉድ» ሊገቡ አይገባም። በዚህ ጊዜ «ኢፍ ዘ ባግስ ወር ዳሜጅድ አት ሲ፣ ዊ ዊል ራይት ቱ ዘ ኢንሹራንስ ካምፓኒ» ይባላል። አማርኛችንም ይህን ይለያል፤ «በባሕር ላይ ተጎድተው ከሆነ» ስንል ነገሩን ክፍት እናደርገዋለን፤ «ተጎድተው ቢሆን ኖሮ» ስንል ግን እንዳልተጎዱ እንናገራለን። እንግዲህ «ከሆነ» ለሚለው ቀላሉን ኃላፊ ጊዜና «ዊል» የሚለውን፣ «ቢሆን ኖሮ» ለሚለው «ሃድ» እና «ዉድ» የሚሉትን እንያዝ።

ግሡ የቀና ቢሆንም ግዴታው የማን እንደነበረ አስቀድሞ መታየት አለበት። በ2020 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በዋለው የኢንኮተርምስ ደንብ መሠረት በሲ.አይ.ኤፍ. የሸጠ ሰው ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ አለበት፤ በኤፍ.ኦ.ቢ. የሸጠ ግን የለበትም። በኤፍ.ኦ.ቢ. የገዛ ነጋዴ ሻጩን «ኢፍ ዩ ሃድ ኢንሹርድ ዘ ጉድስ» ብሎ ቢወቅስ ሰዋስዉ ያምራል፤ ወቀሳው ግን አይጸናም።

ሊታረሙ የሚገባቸው ነገሮች

በእንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር «ዉድ» ከ«ኢፍ» ወገን አይገባም። «ኢፍ ዩ ዉድ ሃቭ ሴንት» ማለት በንግድ ደብዳቤ ስሕተት ነው፤ «ኢፍ ዩ ሃድ ሴንት» ይበሉ። ደብዳቤው ክብደት ያለው እንዲሆን ከተፈለገ «ኢፍ» ቀርቶ «ሃድ ዩ ሴንት» ተብሎ ቢጀመር ይፈቀዳል። ነባር ደንበኛን ላለማስቀየም ደግሞ «ዩ» የሚለውን ትቶ «ኢፍ ዘ ዶኩመንትስ ሃድ ቢን ሴንት» ማለት ይሻላል፤ ጥፋቱ ይነገራል፤ ሰውየው ግን በስሙ አይወቀስም።

መልመጃ

የሚከተሉትን መልሱን ሳያዩ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ።

1ኛ. ሰነዱን በ21 ቀን ውስጥ አቅርበን ቢሆን ኖሮ ባንኩ ባለፈው ወር ይከፍለን ነበር። (ከጁላይ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ዩ.ሲ.ፒ. 600 በተባለው የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ፣ ሌላ ውል ከሌለ የመጫኛው ሰነድ ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ ከ21 ቀን ሳያልፍ፣ የክሬዲቱም ጊዜ ሳያበቃ መቅረብ አለበት።)

2ኛ. ቀደም ብለን አዝዘን ቢሆን ኖሮ ዛሬ መደርደሪያችን ባዶ ባልሆነም ነበር።

3ኛ. ስሕተቱ የእኛ ከሆነ ልዩነቱን እንከፍላለን።

መልስ

1ኛ. «ኢፍ ዊ ሃድ ፕሪዘንትድ ዘ ዶኩመንትስ ዊዚን 21 ዴይስ፣ ዘ ባንክ ዉድ ሃቭ ፔይድ አስ ላስት መንዝ።»

2ኛ. «ኢፍ ዊ ሃድ ኦርደርድ ኧርሊየር፣ አወር ሼልቭስ ዉድ ኖት ቢ ኤምፕቲ ቱዴይ።»

3ኛ. «ኢፍ ዘ ሚስቴክ ወዝ አወርስ፣ ዊ ዊል ፔይ ዘ ዲፈረንስ።»

እንግዲህ ደብዳቤዎ ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ነገሩ ሳይፈጸም መቅረቱ በእርግጥ ታውቋልን? ሁለተኛ፣ ውጤቱ አልፏልን ወይስ ዛሬም አለ? ለሁለቱ ጥያቄ መልስ ያገኘ ጸሐፊ የትኛውን ግሥ መጻፍ እንዳለበት አይቸገርም።