የታመመ ውሻን ስለ ማስታመም

ውሻ ሲታመም ብዙ ሰው ወይ እስኪሞት ይጠብቀዋል፣ ወይም ከደጅ አውጥቶ ይጥለዋል። ነገር ግን ተስፋ የተቆረጠለት ውሻ በሐኪም ጥረትና በባለቤቱ ትጋት የሚድንበት ጊዜ አለ። በአንጻሩም ማንም እጁን ሊዘረጋለት የማይገባ በሽተኛ አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሕይወት የሚያስፈልግ ስለሆነ፣ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱት ስለሚጠቅም፣ በዚህ ወር ጥቂት እንጽፋለን።

ፓርቮ የተባለው በሽታ በ1978 እ.ኤ.አ. ታውቆ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ በተለይ ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ዕድሜ ያላቸውን ቡችሎች ያጠቃል። ቡችላው መብል እንቢ ይላል፤ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ከዚያም ደም የተቀላቀለበትና እጅግ የሚከረፋ ተቅማጥ ይይዘዋል። ሕክምና ካላገኙት ከ10ሩ 9ኙ ያህል ይሞታሉ፤ በሚገባ ከታከሙት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። የሚያስደንቀው፣ በተለመደው ሕክምና ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት ሳይኖር ይህ መሆኑ ነው። ቡችላውን የሚገድለው የውሃና የጨው መጉደል፣ እንዲሁም የቆሰለውን አንጀት አልፎ ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ትውከቱን ያስታግሥለታል፤ ባክቴሪያውን የሚገታ መርፌ ይወጋዋል። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀንና ሌሊት፣ ለብዙ ቀን መጠበቅን ይጠይቃል። የውሻ ፓርቮ ሰውን ስለማይዝ አስታማሚው እጁን ይታጠብ እንጂ አይፍራ።

ከነቀምት ወደ ጊምቢ ወይም ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ የዴዴሳን ሸለቆ ይሻገራል። ሸለቆው ገንዲን የሚያስተላልፈው ዝንብ መኖሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ገንዲ የከብት በሽታ ብቻ ይመስላል፤ ባለቤቱን ተከትሎ ቆላ የወረደውን ውሻም ይይዛል። ውሻው ይተኩሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይከሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ዓይኑ እንደ ወተት ይጋረዳል። ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ከተረጋገጠ በኋላ መታከም ይችላል። ሆኖም ለከብት የሚሰጠው ዲሚናዚን በውሻ ላይ ልኩ ካለፈ አንጎሉን ስለሚጎዳ፣ ከገበያ ገዝቶ በግምት መውጋት ውሻውን መግደል ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ስለሚያሠለጥን፣ የነቀምት ሰው ባለሙያ ለመጠየቅ ሩቅ አገር አይሄድም።

እጅ የማይዘረጋለት በሽተኛ ግን የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ነው። ይህ በሽታ ሁልጊዜ በመሮጥና በመናከስ አይጀምርም። አንዳንዱ ውሻ ጨለማ ፈልጎ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ መንጋጋው ወርዶ አፉ ክፍት ይቀራል፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ለሃጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱም አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት፣ ርኅራኄ አድሮበት፣ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። ልጆችማ ከአዋቂ ይልቅ ለዚህ የፈጠኑ ናቸው! ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻውን የሚያድን ሕክምና የለም፤ ሰውም ቢሆን ምልክቱ ከጀመረው በኋላ የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ሳይነኩ በር ዘግቶበት ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን ለሃጭ የነካው ሰው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ውሎ ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በቅጠልና በሥር መድኃኒት ቀን ማባከን ነፍስን ያስከፍላል።

ለእብድ ውሻ በሽታም ሆነ ለፓርቮ አስቀድሞ የሚከተብ ክትባት አለ። ከፓርቮ የዳነው ቡችላ ለጥቂት ሳምንታት ቫይረሱን በኩሱ ስለሚያወጣ፣ ከሌሎች ውሾች ተለይቶ ይቀመጥ፤ ኩሱም ይቀበር። ቫይረሱ በግቢው አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ሳሙና ብቻውን አይገድለውም። አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ ወለሉንና የመብል ዕቃውን መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ በዚህ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አይግባ።