ከአዲስ አበባ እስከ ጁባ

ምንባብ

ጁባ የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ናት፤ የምትገኘውም በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀችበት ጊዜ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰን ራሷን የቻለች አገር ሆናለች። ካርታ ዘርግቶ ከአዲስ አበባ እስከ ጁባ ቀጥተኛ መስመር ያሰመረ ሰው ርቀቱን 915 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ያገኘዋል። ታዲያ ይህን ርቀት ለመጓዝ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? መልሱ እንደ መጓጓዣው ዓይነት ይለያያል።

አይሮፕላንን ተራራም ሆነ ረግረግ ስለማያግደው፣ ጉዞው በአየር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የጁባ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ከረፋዱ በ4 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ጁባ ሲደርስ የእጁ ሰዓት 6 ሰዓት ቢልም፣ በከተማዋ ገና 5 ሰዓት ነው።

በየብስ የሚጓዝ ሰው ግን ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በጋምቤላ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ነው። ሆኖም ከድንበሩ ባሻገር ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መኪና የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተነሣው የርስ በርስ ጦርነትም ሌላ እንቅፋት ሆኖበታል።

ሁለተኛው መንገድ በሞያሌ፣ በናይሮቢና በኡጋንዳ በኩል ዞሮ በኒሙሌ ወደ ጁባ ይገባል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር እ.ኤ.አ. በ2012 በአስፋልት ተሠርቶ አልቋል። ይሁን እንጂ ጠቅላላው ጉዞ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ሦስት ድንበር ያሻግራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ በቀን ለ10 ሰዓት የሚነዳ ሾፌር፣ በኬላ የሚያባክነው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ቢያንስ 5 ቀን ያስፈልገዋል።

በአይሮፕላን የሚሄደው ለትኬት የሚከፍል ሰው ነው፤ ኩንታል እህልና ጨው ግን የሚሄዱት በመኪና ነው። ጁባ ከውጭ የምታስገባው ሸቀጥ አብዛኛው በኒሙሌ መንገድ ስለሚገባ፣ መንገዱ ሲታወክ የገበያው ዋጋ ይንራል፤ ችግሩም ቀድሞ የሚደርሰው የዕለት ጉርሱን ከገበያ ለሚሸምተው ድሃ ነው። በካርታ ላይ የተዋሰኑ ሁለት አገሮች ጉርብትናቸው በኑሮ የሚገለጠው፣ ሰውም እህልም ክረምት ከበጋ የሚያልፍበት መንገድ ሲኖራቸው ነው።

የቃላት ፍቺ

የብስ ፦ ደረቅ መሬት
ኬላ ፦ መንገደኛና ዕቃ የሚፈተሽበት ስፍራ
ይንራል ፦ እጅግ ይወደዳል

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. አጭሩ የየብስ መንገድ ለመንገደኛ የማያመቸው ለምንድን ነው?
2. በጁባ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ በ8 ሰዓት የተነሣ አይሮፕላን ለሁለት ሰዓት ቢበር፣ አዲስ አበባ የሚደርሰው በአዲስ አበባ አቆጣጠር በስንት ሰዓት ነው?
3. መንገድ ሲታወክ ቀድሞ የሚጎዳው ማን ነው? ለምን?

ለ. በምትኖሩበት አካባቢ በክረምት የሚዘጋ መንገድ ካለ፣ በሕዝቡ ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ችግር በአንድ አንቀጽ ግለጹ።