ስማቸው በመዝገብ ያልነበረ ጎረቤቶች፦ ከቢልመር አደጋ ስለ እርዳታ የምንማረው

ዛሬ ቢልመር ከምንኖረው መካከል ብዙዎቻችን ያን ጊዜ አልተወለድንም። ዕለቱ እሑድ፣ መስከረም 24 ቀን 1985 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1992) ነበር። ከስኺፖል ተነሥቶ ወደ ቴል አቪቭ ይበር የነበረው የኤል አል ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን የቀኝ ክንፉ ሁለት ሞተሮች ተገንጥለው ወደቁ። አብራሪዎቹ ወደ ስኺፖል ሊመለሱ ሲሞክሩ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ35 ላይ አውሮፕላኑ ኽሩነፌንና ክላይን ክራውትቤርኽ የሚባሉት ፎቆች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ተከሰከሰ።

ዐውሎ ነፋስም ቢሆን የመሬት መንሸራተትም ቢሆን፣ ቤትን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያጠፋ አደጋ ለረጂዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል፤ እዚህ ቤት ማን ነበር? በ1925 ዐውሎ ነፋስ በመታት በቦርኩሎ፣ ትንሽ ከተማ ናትና፣ የማን ጣሪያ እንደተነሣ ጎረቤት ይነግርሃል። ቢልመር ግን እንደዚያ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ200 በላይ ሰው ሞቷል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በመጨረሻ በይፋ የተመዘገበው 43 ነው፤ ከእነዚህ 4ቱ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ይህን ያህል ልዩነት እንዴት ሊመጣ ቻለ? ፎቆቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሠሩ ለመካከለኛ ገቢ ደቾች ታስበው ነበር፤ እነሱ ግን እንደታሰበው አልመጡም። ሱሪናም በ1975 ነፃ ስትወጣ ከዚያ የመጡት ገቡ፤ ቀጥሎ ከአንቲልስ፣ ከጋናና ከሌሎች አገሮች። ክፍል ከተከራይ ላይ መከራየት የተለመደ ነበር። ወረቀት የሌላቸውም በብዛት ይኖሩ ነበር። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብና በፎቁ ውስጥ ያደረው ሰው አንድ አልነበሩም፤ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ዛሬም ድረስ በሰፈሩ የሚያከራክረውም ለዚህ ነው።

እኔ ከዚህ አደጋ የወሰድኩት ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ብርድ ልብስ፣ ሾርባና ማደሪያ ማግኘት ሀብታም አገር ውስጥ ከባድ አይደለም። ከባዱ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ነው። መንግሥት አድራሻ ይጠይቃል። በዚያን ዘመን ከፎቆቹ ሥር ባሉ የመኪና ማቆሚያዎችና በሰፈር አዳራሾች ይሰበሰቡ የነበሩት የስደተኞች አብያተ ክርስቲያናት ግን የሚያውቁት ስም ነው፤ እሑድ ማን እንደቀረ፣ የማን ልጅ እንደታመመ። ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ ወደቆመበት አዳራሽ ለመግባት ይፈራል፤ ከጸሎት ወንድሙ ግን አይሸሽም። ሐዘኑም የሚታወቀው እዚያ ነው።

መንግሥት በበኩሉ፣ በተጎዱት ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያገኙ ቃል ገባ። በጎ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው መጥቶ አመለከተ፤ እርዳታው ወዲያው የማስረጃ ጉዳይ ሆነ። ኪራይ በእጅ ሲከፍል የኖረ ሰው ምን ደረሰኝ ያሳያል? ቤቱስ ተቃጥሏል! እንዲህ ባለ ጊዜ «አዎ፣ እዚያ ነበረ፣ አውቀዋለሁ» የሚል ምስክር ከብርድ ልብስ ይበልጣል።

የቤተ እምነት እርዳታ እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሚያውቀውን ይደርሳል፤ የማያውቀውን ያልፋል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይሄድ ጎረቤት ማን ይጥራው? በ1994 ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ እንዲሰጥና የእምነት ማስፋፊያ እንዳይሆን ይላል። ሾርባውን ከስብከት በኋላ የሚያድል ሰው ይህን ደንብ ቢያነብ መልካም ነው።

የእኛም እድር እንዲሁ ነው። መዝገብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ለቅሶ ሲመጣ ማን ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ውስጥ የረጲ (ቆሼ) የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የለቅሶ ድንኳን በሰፈሩ ተተክሎ ነበር። በክምሩ ጥግ በላስቲክና በቆርቆሮ ጎጆ ይኖር የነበረ ሰው ግን የቤት ካርታ ከየት ያመጣል? ወርኃዊ መዋጮ የማይከፍልስ በየትኛው እድር መዝገብ ይገኛል?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለታሪክ ብቻ አይደለም። አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዴን ሃኽ ውስጥ «መመዝገብ አይቻልም» ተብሎ ክፍል የተከራየ ተማሪ ስንት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ኸሜንተ የሚያውቀው የአክስቱን ቤት አድራሻ ነው፤ የሚያድረው ሌላ ቦታ ነው። ሌሊት እሳት ቢነሣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ዝርዝር ላይ የለም። አገር ቤት ያለች እናት ስልክ ስትደውል ማን ይመልስላታል?

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ስም፣ በእውነት የሚያድርበት ቦታ፣ አንድ የቤተሰብ ስልክ። እምነት አይጠየቅም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነትም አይጠየቅም። ወረቀቱን የሚይዙት ሁለት የተመረጡ ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ በኮምፒውተር ባይቀመጥ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ወረቀት የሌለው ወንድማችን ስሙን የሚሰጠው ወዴት እንደሚሄድ ካወቀ ብቻ ነው። በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ ተማሪ ቤት መቀያየር ይወዳልና።

የአደጋውን ቦታ ያላያችሁ ካላችሁ ከቢልመር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ከእሳቱ የተረፈው፣ «ሁሉን ያየው ዛፍ» የሚባለው፣ አሁንም እዚያው ቆሟል፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 4 ሰዎች በዙሪያው ይሰበሰባሉ።